ቁልፉ እኛው ኪስ ነው ያለው፦ ጎጃም ውስጥ "ክፍት" የተባለው ምርምር የት ደረሰ?

ለማስተርስ ቴሲሴ መጠይቅ ላስሞላ አዊ ውስጥ ወዳለችው ፋግታ ለኮማ የሄድሁ ጊዜ አንድ አባት ቤት ደረስሁ። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከሉ ከሰል የሚያከስሉ ሰው ናቸው። ወረቀቴን አውጥቸ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሳነብላቸው ፈገግ አሉና "ኧረ ልጄ፣ ይችንማ አምና ሌላ ልጅ መጥቶ ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ፣ ካቻምናም አንዲት ልጅ መጥታ ነበር፣ መልሴ ጠፍቶባችሁ ነው?" አሉኝ። ሳቅሁ። ከዛ ግን አፈርሁ፣ ምክንያቱም የቀልድ አልነበረም፣ ሶስት ተማሪ በየተራ መጥቶ ያንኑ መሬት፣ ያንኑ ከሰል፣ ያንኑ የልጆች ብዛት ሲጠይቃቸው እሳቸው ስራ ፈትተው ቁጭ ብለው መልሰዋል፣ የመለሱት ግን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

በኋላ ያምናውን ልጅ በሰው በሰው አገኘሁት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሊሰጠኝም ፈቃደኛ ነበር፣ ግን ዳታው ያለበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ ሲጫንለት ሁሉም ነገር ጠፍቷል። የተጠረዘው ቴሲስ ዲፓርትመንቱ ሸልፍ ላይ አለ፣ ሸልፉ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ያለው ሴክሬታሪዋ ጋ ነው፣ ሴክሬታሪዋ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። እንግዲህ ያ ቴሲስ የተሰራው በህዝብ ገንዘብ ነው፣ ተመርቋል፣ ጭብጨባም ነበረ፣ ከዛ በኋላ ግን ያነበበው ሰው ካለ አማካሪውና ሁለቱ ፈታኞች ናቸው (አማካሪውን እንኳ እጠራጠራለሁ)።

ሰሞኑን በየስብሰባው ኦፕን ሳይንስ፣ ኦፕን አክሰስ የሚባል ነገር ይነሳል። ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከፈረንጅ ነው፣ ፈረንጅ እውቀቱን በገንዘብ ቆልፎ እኛ ደሀዎቹ ማንበብ አቃተን የሚል። ውሸት አይደለም። ግን እኔ እዚህ ጎጃም ውስጥ ሆኘ ሳየው ትልቁ ቁልፍ ያለው እኛው ኪስ ነው፣ ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን ብንፈትሽ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለምን እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ቃሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ ነገሩ ከዛው ስለመጣ።) ኦፕን አክሰስ ማለት በቃ ማንም ሰው ኢንተርኔት ካለው ሳይከፍል አንብቦ፣ አውርዶ፣ ለሌላ ሰው ሊያካፍለው የሚችል ምርምር ማለት ነው። በ2002 ቡዳፔስት ላይ የወጣው መግለጫ ነው ስሙን ያስተዋወቀው። ከዛ ነገሩ እየሰፋ መጥቶ ዳታውም ይከፈት፣ የማስተማሪያ መጻሕፍትና ሞጁሎችም ይከፈቱ ተባለ፣ ዩኔስኮ በ2019 ስለ ክፍት የማስተማሪያ ቁሳቁስ፣ በ2021 ደግሞ ስለ ኦፕን ሳይንስ ምክረ ሀሳብ አጽድቋል። ኢትዮጵያም ዝም አላለችም፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር አገራችን በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አውጥታለች፣ ያኔ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሚባለው መስሪያ ቤት በኩል። ፖሊሲው ምን ይላል፣ በህዝብ ገንዘብ የተሰራ ምርምር፣ አርቲክሉም፣ የማስተርስና የፒኤችዲ ቴሲሱም፣ ዳታውም ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ይግባ ይላል። ገንዘብ የተሰጠው ተመራማሪ ዳታውን እንዴት እንደሚይዝ እቅድ ጽፎ ለምርምር ቢሮውና ለላይብረሪው ያስገባ ይላል። ፕሮፖዛል ሲገመገምም ክፍትነት አንዱ መመዘኛ ይሁን ይላል። አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ በአገር ደረጃ የጸደቀ ነገር ያለው አገር ብዙ አይደለም። በወረቀት ከሆነ እኛ ፊት ነን።

ወረቀትና መሬት ግን ለየቅል ነው። እኔ እስካሁን ቁጭ ባልሁባቸው የፕሮፖዛል ግምገማዎች ላይ "ዳታህን የት ታስቀምጠዋለህ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው አላየሁም። የሚጠየቀው የናሙና ብዛት ነው፣ ባጀት ነው፣ አበል ስንት ቀን ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ፈረንጁ ቁልፍ ልምጣ፣ እውነቱን ላለማድበስበስ። አንድ አርቲክል ልታወርድ ስትል ሰላሳ አርባ ዶላር ክፈል የሚል ገጽ ሲመጣ ያልተናደደ ተማሪ የለም። ግን ልብ በሉ፣ ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ የሚባል በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራ፣ የጤና ጆርናሎችን ለደሀ አገሮች የሚከፍት ፕሮግራም አለ፣ ቀጥሎ ለግብርናው አጎራ መጣ፣ አሁን ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ስር ተጠቃለዋል፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በነጻ ከሚያነቡት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ማለትም ዩኒቨርሲቲው ከተመዘገበ ያ አርባ ዶላር የተባለው አርቲክል ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል። ችግሩ ፓስወርዱን ማን ያውቀዋል ነው! እኔ በማስተርስ ዘመኔ ፓስወርድ የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማሁ፣ የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ከላይብረሪ ሰራተኛ ጋ ሻይ ስንጠጣ ነው፣ "እንዴ ማንም እኮ መጥቶ አልጠየቀንም" አለኝ። እኛ ደግሞ በዛን ጊዜ ሁላችንም ሳይሀብ በሚባለው፣ የተቆለፈ አርቲክል ያለ ፈቃድ በነጻ በሚሰጠው ድረ ገጽ ላይ ነበርን። ሳይሀብን በ2011 አሌክሳንድራ ኤልባክያን የምትባል የካዛኪስታን ልጅ ነች የከፈተችው፣ አሳታሚዎቹ ከስሰዋታል ተፈርዶባታልም፣ ስለ ህጋዊነቱ አልከራከርም፣ የሚገርመኝ በህጋዊ መንገድ በነጻ የተፈቀደልንን ትተን በጓሮ በር መግባታችን ነው።

የሚብሰው ማንበቡ ሳይሆን ማሳተሙ ነው። ኦፕን አክሰስ ሲመጣ አሳታሚዎቹ ገንዘቡን ከአንባቢው ወደ ጸሐፊው አዞሩት፣ ኤፒሲ ይሉታል፣ የማሳተሚያ ክፍያ ማለት ነው። ብዙ ጆርናል ላይ ሁለት ሺህ፣ ሶስት ሺህ ዶላር ነው፣ ኔቸር ላይ ከ11,000 ዶላር በላይ ነው። በእኛ ብር አስቡት፣ ሐምሌ 2024 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ሁለት ሺህ ዶላር ማለት 114,000 ብር ነው፣ ከዛ ዶላሩ 100 ብርን ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ200,000 ብር በላይ ሆነ፣ ፔፐሩ አልተሻሻለም፣ ጆርናሉም ያው ነው። የብዙ ወር ደመወዝ ነው። እርግጥ ትልልቆቹ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ክፍያውን ይሰርዛሉ፣ ግን ጥያቄው ገና ስታስገባ መቅረብ አለበት፣ ፔፐሩ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቅ ብዙዎቹ እምቢ ነው የሚሉህ፣ አብሮህ የጻፈው ሰው ከሀብታም አገር ከሆነም ላይሰረዝልህ ይችላል። ይሄንን የሚነግር ሰው ስለሌለ ስንቱ በኪሱ ከፍሏል።

እዚህ ጋ ነው አጭበርባሪዎቹ ጆርናሎች የገቡት። ኢሜይላችሁ ላይ "ዲር ኤሚነንት ፕሮፌሰር" ብሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፣ ፕሮፌሰር ሳትሆን ፕሮፌሰር የሚልህ፣ በሶስት ቀን ተገምግሞ አልቋል 150 ዶላር ላክ የሚልህ። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የላይብረሪ ባለሙያ የእነዚህን ስም ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቶ በ2017 መጀመሪያ ላይ ከኢንተርኔት አንስቶታል፣ ዝርዝሩ ቢነሳም እነሱ ግን አልጠፉም። እኛ ጋ የሚያቆያቸው ምንድን ነው ብትሉ የማዕረግ እድገት ነው። ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ይሄን ያህል ፔፐር ተብሎ ሲቆጠር፣ ሰው ቁጥሩን ነው የሚያሟላው። ልጆች ማሳደግ አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ደረጃው ካላደገ ደመወዙ አያድግም፣ ታዲያ ሁለት ዓመት የሚጠብቅበት ምን አንጀት አለው? አሁን ሚኒስቴሩ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን እየመዘነ እውቅና መስጠት ጀምሯል፣ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣቸውን እንደ ባህር ዳር ጆርናል ኦፍ ኤዱኬሽን ያሉትን ብናይ ጸሐፊውንም አንባቢውንም አያስከፍሉም፣ ተቋሙ ራሱ ይሸከመዋል። ፈረንጆቹ ይሄንን አሁን "ዳይመንድ" ብለው ስም ሰጥተውታል። እኛ አልማዙን ይዘነው ስሙን ሳናውቅ ቆይተን ነበር። ግን እኛው ራሳችን በዛ ጆርናል ላይ ማሳተምን ዝቅ አድርገን እናያለን፣ "የሀገር ውስጥ ነው" እንላለን፣ በአፋችን ስለ ክፍትነት እያወራን በእግራችን ወደ ከፋዩ እንሄዳለን።

እና ቴሲሱ ለምንድን ነው የማይከፈተው? ቴክኖሎጂ አይደለም። አንድ ፒዲኤፍ መጫን የአስር ደቂቃ ስራ ነው፣ መብራትና ኔትወርክ ካለ። ሰዎችን ጠይቄ የሰማሁት ምክንያት ሌላ ነው። አንዱ "ፔፐር ሳላወጣበት ሰው ይወስድብኛል" ነው። ይሄኛው ምክንያታዊ ነው፣ መፍትሔም አለው፣ ለአንድ ሁለት ዓመት ዘግቶ አቆይቶ ከዛ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፣ ማከማቻዎቹም ይሄን ይፈቅዳሉ። ሌላው ምክንያት በግልጽ የማይነገር ነው፣ በሹክሹክታ ነው የሚወራው፣ ስራው ራሱ ከሌላ የተገለበጠ ከሆነ ሲከፈት ይታያል! የተቆለፈ ሸልፍ ለኮፒ ጥሩ መደበቂያ ነው። አንድ ወዳጄ "ሁሉም ቢከፈት ግማሻችን ዲግሪያችንን እንመልሳለን" ብሎ ያስቀኛል፣ ግማሽ የሚለው የተጋነነ ነው፣ ግን ያስቃል። ሶስተኛው ደግሞ ንቀት ነው፣ የራስን ስራ መናቅ። "የኔን ማን ያነበዋል" ይላል ተማሪው። ያነበዋል እንጂ! እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 ወዲህ ስንት ቴሲስ ተሰርቶበታል፣ ከደንቢያ እስከ ዘጌ፣ ስንቱ ነው ያንኑ ነገር እንደ አዲስ የጀመረው፣ ያለፈውን ቢያገኝ ኖሮ ካለፈው ይቀጥል ነበር።

የሚገርማችሁ ነገር ግን አለ፣ ቴሲሶቹ ጨርሰው አልጠፉም። ፎቶ ኮፒ ቤት አሉ። ባህር ዳር ፔዳ ግቢ በር አካባቢም፣ ማርቆስም፣ እንጅባራም ብትሄዱ ቴሲስ የሚያስተካክሉ፣ የሚያትሙ፣ የሚጠርዙ ልጆች ኮምፒውተር ላይ የዓመታት ሶፍት ኮፒ አለ፣ በዲፓርትመንት በዲፓርትመንት ተከፋፍሎ! ከላይብረሪው ይልቅ እነሱ ጋ የተሟላ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ጠይቃችሁ በፍላሽ ትወስዳላችሁ፣ ሂሳቡ ትንሽ ነው። ህጋዊ አይደለም፣ ሥርዓትም የለውም፣ ጸሐፊው አያውቅም፣ ማን መቸ እንደሰራው ሽፋኑ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ግን ፈላጊ እንዳለ ያሳያል፣ በሩን ስትዘጋው ሰው በመስኮት ይገባል።

ዳታ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አንጀኒ አለላችሁ። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ተፋሰስ ናት፣ 113 ሄክታር አካባቢ፣ ምንጨት ወንዝ የሚነሳባት። በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተባት፣ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ ወሎ ውስጥ እንደ ማይባር ሸዋ ውስጥ እንደ አንዲት ጥድ ሁሉ። እዛ ምን ይሰራል መሰላችሁ፣ ዝናቡ ይለካል፣ የወንዙ ከፍታ ይነበባል፣ ጎርፍ ሲመጣ ድፍርሱ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ደለሉ ተጣርቶ ይመዘናል። ይሄን የሚያደርገው ፕሮፌሰር አይደለም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ማታም ይሁን ሌሊት ካቦርት ደርቦ የሚወጣ ያገሬው ሰው ነው። በ1986 ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሰራ፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ስለተለካ እርከኑ ምን እንዳደረገ ማወዳደር ተቻለ። እና ያ ቁጥር በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ስላልቀረ፣ እዚህ ባህር ዳር ያለው የማስተርስ ተማሪም፣ አሜሪካ ያለው የውሃ ተመራማሪም፣ ስዊዙም ያንኑ የምንጨትን ውሃ ይዞ ሞዴሉን ይፈትሻል። ስለ አባይ ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር የተጻፉ ስንትና ስንት ፔፐሮች ውስጥ አንጀኒ የሚል ስም አለ። ከደምበጫ ውጭ ያለ ጎጃሜ እንኳ በደንብ የማያውቃት ቀበሌ! እስካሁን ጎጃም ውስጥ ከተሰሩት ጥናቶች ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል እሷን እመርጣለሁ፣ የተራቀቀ ነገር ስለተሰራባት አይደለም፣ ለብዙ ዓመታት ለኩ፣ የለኩትን ሰጡ፣ በቃ ይሄው ነው።

ክፍትነት የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ። የቆሎ ተማሪው ለየኔታ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የለም፣ ቁራሽ ለምኖ ይማራል፣ የኔታም የሚያስተምሩት በነጻ ነው። የቆጠረውን ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ነው) ጓደኞቹ ባሉበት ጮክ ብሎ ለመምህሩ ይነግራል፣ እዛው ይታረማል፣ ሁሉም ይሰማል፣ ሌላውም ከሱ ስህተት ይማራል። የሰው ቅኔ ደግሞ መድገም ነውር ነው፣ ቶሎም ይታወቅበታል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰምቶታል! (ቅኔ ዘረፈ የሚባለው መስረቅ እንዳይመስላችሁ፣ እዛው አፍልቆ ማዝነም ነው።) የተከፈተ ነገር አይሰረቅም የምለው ለዚህ ነው፣ ስርቆት የሚመቸው ማንም ያላየው ላይ ነው።

ግን እዛው ቤተክህነት ጥላ ስር ሌላም ባህል አለ። የመድኃኒቱ እውቀት። ስሩን ቅጠሉን የሚያውቀው ደብተራ ለማንም አያሳይም፣ ለመረጠው ልጁ ብቻ ነው የሚያወርሰው፣ አንዳንዱም ይዞት ይሞታል። ይሄንን ኋላ ቀርነት ነው ብየ ልሳደብ አልፈልግም፣ ምክንያት አለው፣ ኑሮው ነው። ደግሞ ከከፈትነው በኋላ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጤፍን አስታውሱ። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋ ስምምነት ተፈረመ፣ ጥቅሙን እንካፈላለን ተባለ፣ ከዛ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት ይዞ ተገኘ። እኛ ከጥንት ጀምሮ የምንፈጨውን! የሄግ ፍርድ ቤት ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ስለዚህ የዘረመልና የማህበረሰብ እውቀት አዋጅ የሚባለው ቁጥር 482 ሲወጣ በ2006፣ ማህበረሰቡ ይፈቅድ፣ ጥቅሙንም ያግኝ የሚለው ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ተማሪው ከደብተራው የሰማውን የመድኃኒት ስም ከነአሰራሩ ቴሲሱ ላይ ዘርግፎ ኢንተርኔት ላይ ቢጭነው ኦፕን ሳይንስ አልሰራም፣ የሰው ጓዳ ነው የከፈተው።

እሱ ብቻ አይደለም። አሁን ባለንበት ሁኔታ ጎጃም ውስጥ የቃለመጠይቅ ዳታ መክፈት በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ያለውን የምናውቀው ነው። ስሙን ሰርዣለሁ ማለት አይበቃም፣ ቀበሌው ከተጻፈ፣ እድሜው ከተጻፈ፣ "ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ የጤና ኬላ ሰራተኛ" ከተባለ፣ እዛ ቀበሌ እንዲህ ያለች ሴት አንድ ናት፣ ማን እንደሆነች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃታል። ያለችው ነገር በማን ላይ እንደሆነም ያውቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2024 ወጥቷል፣ ግን ከአዋጁ በፊት ህሊና አለ። የወንዝ ውሃ ልኬትና የሰው ምስክርነት አንድ አይደሉም፣ አንጀኒን ክፈቱ እያልሁ የሰውየዋን ቃል ዝጉ ማለቴ እርስ በርሱ አይጋጭም።

ወደ ማስተማሩ ስመጣ ደግሞ ሳናውቀው ከማንም በላይ ክፍት ሆነናል፣ በቴሌግራም። ሀንዳውቱ፣ ስላይዱ፣ ያለፈ ፈተናው፣ የተሰረቀ መጽሐፉ ሁሉም ቻናል ላይ ነው። በ2023 የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሲጀመር ያየነውን አስታውሱ፣ ሰው ተደናግጦ ነበር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየዩኒቨርሲቲው ያሉ መምህራን ያዘጋጁት ሞጁልና ጥያቄ ከጂማ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ሀዋሳ ይዞር ጀመር። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም ተማሪዎቸን በሱ ነው ያስጠናሁት። ግን የሚወርደው ሞጁል ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ የስንት ዓመቱ እንደሆነ አይታወቅም፣ ስህተት ብታገኝበት ለማን ትናገራለህ? አንድ ስህተት ያለበት ጥያቄ በሶስት ቻናል ሶስት ዓይነት መልስ ይዞ አጋጥሞኛል። የቅጅ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/2004፣ በመርህ ደረጃ የጻፍኸው ነገር ሳትመዘግበውም ያንተ ነው ይላል፣ ስለዚህ ፈቃድ ያልጻፍህበት ሀንዳውት በህግ ዝግ ነው ማለት ነው፣ ሁሉም እየተጠቀመበት! ክሪየቲቭ ኮመንስ የሚባለው ፈቃድ ይሄንን በአንድ መስመር ነው የሚፈታው፣ ስሜን ጠቅሳችሁ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፣ አሻሽሉትም የሚል አንዲት መስመር ግርጌው ላይ መጻፍ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም ምዝገባ አይጠይቅም። ስምህ፣ ዓመቱ፣ ፈቃዱ። ይሄን ያህል ነው።

ሌላው ነገር ኢንተርኔት። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ማንም አልረሳውም፣ ያን ጊዜ ኦፕን የተባለው ሁሉ ለኛ ዝግ ነበር። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ አለ ቢባልም ተማሪው ቤተሰብ ጋ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ የረዳን ምንድን ነው፣ ሰው ቀድሞ ያወረደው። ፍላሽ። እና የክፍት ፈቃድ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው በደንብ የገባኝ፣ ክፍት ፈቃድ ያለው መጽሐፍ በህጋዊ መንገድ ላይብረሪው ሰርቨር ላይ ገልብጠህ፣ ፍላሽ ላይ አድርገህ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዘህ ልትሰጥ ትችላለህ፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ። ኦፕንስታክስ የሚባሉት የራይስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የባዮሎጂ መጻሕፍት ለምሳሌ እንዲህ ናቸው፣ ለፍሬሽማን ተማሪ ይበቃሉ፣ ላይብረሪዎቻችን ሙሉውን አንዴ አውርደው ቢያስቀምጡ ማን ከለከላቸው።

አሁን መልሼ ፋግታ ልሂድ። ስለ ዲከረንስ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ገበሬው ራሱ የፈጠረው ዘዴ ስለሆነ ከጃፓንም ከአውሮፓም ተመራማሪ መጥቶበታል፣ መጀመሪያ ዓመት ከጤፉ ጋ ችግኙ ይተከላል፣ ከዛ ሳሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና ይከሰላል፣ መሬቱ ይመለሳል። የአሲድ መሬት ጉዳይ፣ የገቢ ጉዳይ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዛፉ ላይ የገባው በሽታ ጉዳይ፣ ሁሉም ተጠንቷል። ብዙዎቹም በነጻ የሚነበቡ ናቸው። ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጥናቱን ያስገኘው ሰው አውኛ ይናገራል፣ አማርኛ ያነብ ይሆናል፣ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሰራተኛ እንኳ ሃያ ገጽ የእንግሊዝኛ ፔፐር አንብቦ "ይሄን ያህል ርቀት ትከሉ" የሚለውን ማውጣት ይከብደዋል። ለገበሬው ይሄ ከአርባ ዶላሩ ቁልፍ በምን ይለያል? እያንዳንዱ ቴሲስ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ አዊ ላይ ከሆነ አንድ ገጽ በአውኛ ይኑረው ቢባል፣ ለተማሪው የሁለት ቀን ስራ ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዛው አዊ ውስጥ ነው ያለው፣ ቋንቋውን የሚችል ልጅ አያጣም። ሲሆን አይቸ አላውቅም እንጂ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ይሄን ሁሉ ካወራሁ በኋላ የራሴስ ብየ ባለፈው ወር ተነሳሁ። ቴሲሴን አገኘሁት፣ አሮጌ ፍላሽ ላይ "ፋይናል ላስት ሪያል 3" በሚል ስም፣ አስተካክየ ጫንሁት፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። የአማርኛውን ገጽም ጻፍሁ። ከዛ ዳታውን ልጭን ስል ገበሬዎቹ ያስፈረምኋቸውን የስምምነት ቅጽ አየሁት፣ እዛ ላይ "የሚሰጡት መረጃ ለዚህ ጥናት ብቻ የሚውል ሲሆን ለሌላ ወገን አይተላለፍም" ብየ ጽፌያለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ከሌላ ሰው ቅጽ ላይ ኮፒ ያደረግሁት ነው፣ ያም ከሌላ ሰው። ስለዚህ ልጭነው አልችልም፣ ቃሌ ነው። እንደገና ፋግታ ሄጄ ቤት ለቤት እየዞርሁ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፣ መንገዱ ሲሻል። እስከዛው ግን የእኚያ አባት መልስ አሁንም ፍላሽ ላይ ነው ያለው፣ ፍላሹም ኪሴ ውስጥ።